ሞራ በአንድ ሌሊት አይመጣም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽ 71 ዓመታቸው ነው፣ የቆየ ግፊት አለባቸው። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ሲነሱ ግራ ዓይናቸው ደፈረሰ። አያማቸውም፣ አልቀላም። ጎረቤት ደግሞ «ሞራ ነው፣ ሲበስል ይገፈፋል» ብሏቸዋል። ልጠብቅ ወይ ነው ያልሽው። አትጠብቂ። ሞራ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ነው የሚጋርደው።

እኛም ሐዋሳ ነን። አባቴ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር በእግሩ ዞር ዞር ይላል። አንድ ቀን ተመልሶ «ያንን የመብራት ምሰሶ መኪና ገጨው እንዴ? ጎብጧል» አለን። ምሰሶው ደህና ነበር። መነጽሩ አርጅቶ ነው ብለን አዲስ ገዛንለት። ሁለት ሳምንት በከንቱ ሄደ።

በኋላ ሐኪሟ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርጋ ስታየው ሬቲናው ላይ፣ ማለትም ከዓይን በስተኋላ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ፣ ደም ፈስሷል። ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አጣምራ ሳለችልን። ሬቲና ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ ሲተላለፉ አንድ ሽፋን ይጋራሉ። ግፊት ለዓመታት ሲቆይ ደም ቅዳው ይወፍራል፣ ይጠጥራል፣ ጎኑ ያለውን ደም መልስ ይጫነዋል። እዚያ ደሙ ይረጋና ይዘጋል። ከኋላ የመጣው ደም መመለሻ ሲያጣ ይፈስሳል፣ አካባቢው ውሃ ይቋጥራል። ውሃው አጥርተን በምናይበት መሃለኛው ቦታ ላይ ሲሆን ነው እንግዲህ ምሰሶ የሚጎብጠው።

ግፊቱ ሲለካ 190 በ105። ለካስ የግፊት ክኒኑን አምሎዲፒንን ትቶ ሦስት ወር ሙሉ ሽፈራው ሲጠጣ ከርሟል! «ምንም አላመመኝማ» አለ። ሽፈራውን አልጠላም፣ ጓሯችንም አለ። ክኒን ግን አይተካም።

አዲስ አበባ ሬቲና ስፔሻሊስት ጋ ሄደን ዓይኑ ውስጥ መርፌ ተወጋ። ስንሰማ የደነገጥነው እኛ ነን። እሱ ማደንዘዣ ጠብታ ተደርጎለት «የጥርሱ ይብሳል» ብሎ ወጣ። መርፌው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ በየወሩ ተመላልሰናል። አቫስቲን የሚባለውን መርፌ ካዘዙላችሁ ወረቀቱ ላይ ካንሰር የሚል ስታዪ እንዳትደነግጪ፤ መጀመሪያ የተሠራው ለዚያ ስለሆነ ነው። አባቴ አሁን ጋዜጣ ያነባል፣ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ያቺ ሁለት ሳምንት እስካሁን ትቆጨኛለች።

ዛሬውኑ ዓይን ሐኪም ጋ ውሰጂያቸው። የሚውጡትን ክኒን ከነካርቶኑ ያዢ። ግፊታቸውን፣ ስኳራቸውን፣ የዓይናቸውንም ግፊት ያስለኩ፤ ግላኮማ የሚባለው ከዓይን ግፊት ጋር የተያያዘ በሽታም ለዚህ ችግር ያጋልጣል። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለሰዓታት ብርሃን ስለሚያስጠላ ባርኔጣ አትርሺ። ግፊቱ ቶሎ ይውረድ ብለሽ ክኒን ደርበሽ እንዳትሰጪ፣ በድንገት ማውረዱም ይጎዳል። ዓይናቸው ድንገት ጨርሶ ከጨለመ ወይም ፊታቸው ከተጣመመ ግን በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ቀኝ ዓይናቸውን በእጅሽ ሸፍነሽ በግራው የበሩን ጠርዝ እንዲያዩት አድርጊ። ጎብጧል ካሉሽ ለሐኪሙ ንገሪው።