ፀሐይ ስንት ዓይነት ናት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ! ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። 40 መስመር የአየር ሁኔታ ዘገባ ያለበት የጽሑፍ ፋይል ተሰጠንና «ፀሐይ» የሚለው ቃል ያለባቸውን መስመሮች በሬጄክስ (ጽሑፍን በቅርጹ መፈለጊያ ዘዴ) ለይታችሁ አውጡ ተባልን። በዓይኔ ስቆጥር 17 ናቸው። የእኔ ኮድ ግን 3 ብቻ ያወጣል፣ ኤረር የለው ምን የለው! የተጠቀምኩት «ማች» የሚለውን ፈንክሽን ነው። ምን አጥፍቼ ነው?
ጀማሪው፣ ከአዳማ

መልስ፦ አይዞህ፣ ኤረር የማይሰጥ ስህተት ሁላችንንም አቃጥሎናል። መጀመሪያ ማችን ተወው። እሱ የሚያየው የመስመሩን መጀመሪያ ብቻ ነው። «ፀሐይ ትወጣለች» ካልከው ያገኛል፣ «ነገ ፀሐይ ትወጣለች» ካልከው ግን ዝም ነው። በ«ሰርች» ቀይረው፣ መስመሩን ሙሉ ይፈትሽልሃል። ሦስቱም መስመሮችህ በፀሐይ የሚጀምሩ ናቸው ብዬ እወራረዳለሁ።

ይሄ ብቻውን ግን 17 ላያደርስህ ይችላል። ዋናው ጣጣ ያለው ፊደላችን ላይ ነው። እኛ ስናነብ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ አንድ ናት፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፀ እና ጸ ልክ እንደ ለ እና መ የማይተዋወቁ ናቸው፣ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት) ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥቷቸዋላ። ስለዚህ አማራጮቹን በማዕዘን ቅንፍ ስጠው፦

[ፀጸ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ

አንድ ቅንፍ «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ነው። መሀል ላይ ኮማም ክፍት ቦታም እንዳታስገባ፣ እሱንም እንደ ፊደል ቆጥሮ ይፈልገዋል።

አሁንም «ፀሐዩ» እና «ፀሐያማ» ያመልጡሃል። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ቅጥያ ሲመጣ ይ ራሷ ዩ ወይም ያ ትሆናለች። መጨረሻውን [የ-ዮ] ብታደርገው ሰባቱንም ይይዛል፤ በዩኒኮድ ተራቸውን ጠብቀው ነው የተደረደሩት። ፀሐያማ ይቆጠር አይቆጠር መምህርህን ጠይቅ፣ ለእኔ ሌላ ቃል ነው።

የቃል ድንበር፣ ማለትም ቃሉ ከሌላ ፊደል ጋር ሳይጣበቅ ሲቆም ብቻ እንዲያገኝ የሚያደርገውን ባክስላሽ ቢ (\b)፣ ጨምርበት የሚልህ ጓደኛ አይጠፋም። አትስማው። «የፀሐይ ብርሃን»፣ «በፀሐይ»፣ «ከፀሐይ» ሁሉ ይጠፉብሃል፣ የ እና በ ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ነው የሚጻፉት።

ፋይሉ ትልቅ ቢሆን ኖሮ እኔ መጀመሪያ ሞክሼዎቹን አንድ አደርግ ነበር፤ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነቤተሰባቸው። ከዚያ ፍለጋው ቀላል ነው። ግን ኮፒው ላይ ሥራው! እኔ አንዴ ዋናው ፋይል ላይ ሠርቼው ሠዓሊው ሁሉ ሰአሊ ሆኖ ቀረ፣ የሚመለስበት መንገድም አልነበረም።

ይሄን ሁሉ አድርገህ ቁጥሩ ካልገጠመ የተመረጡትን ሳይሆን ያልተመረጡትን መስመሮች ፕሪንት አድርግና አንብባቸው። ያመለጠችው ፀሐይ እዚያ ውስጥ ነው ያለችው።