ጎርፉን ከመንደሩ ደጃፍ ሳይሆን ከተራራው አናት መያዝ

ውድ ጠያቂያችን፣ ከመንደራችሁ በላይ ካለው ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በየክረምቱ ቦረቦሩን እያሰፋ ቤት ውስጥ እንደሚገባ ገልጸው፣ ያዋጣችሁትን ገንዘብ በመንደሩ ጥግ ለጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ግንብ ብታውሉት ይሻላል ወይስ ተራራውን ብታለሙበት ብለው ጠይቀዋል። በደቡብ ወሎ ለብዙ ዓመታት በተፈጥሮ ሀብት ባለሙያነት ሠርቻለሁና መልሴ ከተራራው ጀምሩ የሚል ነው።

በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት በአንድ ቀበሌ ከአርሶ አደሮች ጋር በቦረቦሩ መውጫ ላይ የሠራነው ትልቅ የድንጋይ ክትር የመጀመሪያውን የሐምሌ ዝናብ አልተሻገረም። ድንጋዩ አልተናደም፤ ውሃው በግራ በኩል ያለውን አፈር ቆርሶ ዞሮት ሄደ እንጂ። ጫፎቹን ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ አስርገን አላስገባናቸውም፣ መሃሉንም ለውሃ ማስተንፈሻ ዝቅ አላደረግነውም ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ራቁቱን ከቀረ ተራራ የተሰበሰበውን ውሃ በሙሉ አንድ ክትር እንዲሸከም መጠበቃችን ነው።

በቀጣዩ ጥር ሥራውን ከአናቱ ጀመርን። ዳገቱን ከከብት ንክኪ ከለልን፤ በውሃ ልክና በገመድ ኮንቱሩን (እኩል ከፍታ ያለውን መስመር) ተከትለን ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት ያላቸው ትሬንቾች (ውሃ የሚይዙ ቦዮች) ቆፈርን፤ ከዚያ በታች ባለው ማሳ እርከን ሠራን፤ በቦረቦሩ ውስጥም የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል እንዲሆን እያደረግን ትናንሽ ክትሮችን በተከታታይ አስቀመጥን። በሦስተኛው ክረምት፣ ዝናቡ እንዳባራ ድንጋይ እያንከባለለ ይደርስ የነበረው ቀይ ጎርፍ ዘግይቶና ቀንሶ፣ ጭቃውን ከየክትሩ ጀርባ ጥሎ ወረደ። በዚያ ደለል ላይ የደሾ ሣርና ሰስባንያ የተባለውን ተክል ተከልን።

ከዚህ ሁሉ ከባዱ ቁፋሮው አይደለም፤ ክልከላው ነው። ከብት የሚያሰማራበትን ያጣ ሰው ሣሩን አጭዶ የሚያበላበት መብት ካልተሰጠው፣ የተከለለው ዳገት በአንድ ሌሊት ከብት ይገባበታል፤ ሊወቀስም አይገባም። ስለዚህ ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት የሣር ክፍፍሉ በደንብ ተጽፎ በነዋሪው ይጽደቅ። ባሕር ዛፍን በተመለከተም፣ በጥቅጥቅ ከተተከለ ከሥሩ ያለው መሬት ሣር አልባ ሆኖ ስለሚቀር ጎርፍን ለማዘግየት አልመርጠውም።

ይህ ሥራ ውሃውን የሚያዘገይና ወደ አፈር የሚያሰርግ እንጂ ሁሉን ጎርፍ የሚያቆም እንዳልሆነ ግን ይታወቅ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ከሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ ሌሊት በደቻቱ ወንዝ ወርዶ በድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። እንዲህ ያለው ዶፍ ሲመጣ አፈሩ ከጠገበ በኋላ የሚተርፈውን ውሃ እርከን አይዘውም። በቦረቦሩ አፋፍ የቆሙ ቤቶች ካሉ ተራራው ቢለማም ከዚያ መነሣት አለባቸው፤ ይህንን ለማንም አላለሳልስም።

ስለዚህ የገንዘቡን አብዛኛውን ለመሣሪያ፣ ለችግኝና ለሣር ዘር መድቡ፤ ጋቢዮን ቤት ለሚያሰጋው አንድ ጥምዝ ብቻ ይዋል። የድንጋይና የቁፋሮ ሥራው አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ በጥርና በየካቲት ይከናወን፣ ተከላው መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ በሐምሌ ይቀጥል፤ ከየከባድ ዝናቡ ማግስትም ሁለት ሰዎች ክትሮቹን ከላይ እስከ ታች እየተመለከቱ የላላውን ድንጋይ ይመልሱ።