መልስ፦ ካሌቫላን ሎንሩት ደረሰው ወይስ ሰበሰበው?

ሰላም ወንድሜ፤ «ካሌቫላ የፊንላንድ ሕዝብ ግጥም ከሆነ ሽፋኑ ላይ የኤልያስ ሎንሩት ስም ምን ይሠራል?» ላልከው፣ ሰውዬው ሰብስቦታልም፣ ሰፍቶታልም።

ሎንሩት ሐኪም ነበር። ካያኒ በምትባል ትንሽ ከተማ እየሠራ፣ ጊዜ ባገኘ ቁጥር በፊንላንድና በሩሲያ ድንበር ወዳለው የካሬሊያ ምድር መንደሮች ይወርድና ሽማግሌዎች የሚያዜሙትን በጽሑፍ ያሰፍር ነበር። በ1834 እ.ኤ.አ. ያገኘው አርሂፓ ፐርቱነን የተባለ ገበሬ ብቻውን ከ4,000 ስንኝ በላይ በቃሉ አውጥቶለታል። ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ!

ችግሩ፣ የሚዜመው ሁሉ ቁርጥራጭ ነበር። አንዱ ዘፋኝ ለአንድ ጀግና የሚሰጠውን ገድል ሌላው ለሌላ ይሰጠዋል። ሎንሩት ስሞቹን አስማማ፣ ታሪኩን በቅደም ተከተል አስያዘ፣ መጋጠሚያ ስንኝም ከራሱ ጣል አደረገ። የ1835ቱ እትም 12,078 ስንኝ ነበረው፤ ዛሬ የሚነበበው የ1849ኙ 22,795 ደርሷል።

ከየት ልጀምር ላልከው ደግሞ፣ የዓለም አፈጣጠሩን ለጊዜው ዝለለውና 15ኛውን ክፍል አንብብ። ከጀግኖቹ አንዱ ሌሚንካይነን ተቆራርጦ ቱዎኔላ በሚባለው የሙታን አገር ወንዝ ውስጥ ተጥሏል። እናቱ አንጥረኛው ኢልማሪነን የሠራላትን መንሽ ይዛ ውሃው ውስጥ ትገባለች፤ መጀመሪያ ሸሚዙን፣ ቀጥላ ሥጋና አጥንቱን እየለቀመች ትገጣጥመዋለች። አካሉ ሞላ፤ ድምፅ ግን የለውም። ንብ ልካ ከሰማይ መድኃኒት ታስመጣና ትቀባዋለች። ልጁ ነቅቶ የሚለው፣ ብዙ ተኛሁ ነው።