«አዎ» ላለ ተከሳሽ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ከሕግ ትምህርት ቤት ወጥታችሁ በየወረዳው ፍርድ ቤት ለምትመደቡት ነው። አንቀጹን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። እኔ የምነግራችሁ በአንዲት ቃል የተሳሳትኩትን ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰሊጥ በሚመረትበት ቆላ ሳስችል፣ አንድ ኩንታል ሰሊጥ ሰርቋል የተባለ ወጣት ቀረበ። ለአጨዳ ከሩቅ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነበር። ክሱን አነበብኩለትና «ገብቶሃል?» አልኩት። «አዎ» አለ። «ድርጊቱን ፈጽመሃል?» «አዎ።» የዚያን ቀን መዝገብ በዝቶብኝ ነበር፤ ባለጉዳዩ በረንዳውን ሞልቶታል። አምኗል ብዬ መዘገብኩ፤ ጥፋተኛ አልኩት፤ የቅጣት አስተያየት ለመስማት ለከሰዓት ቀጠርኩ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ለምሳ ስወጣ በዕድሜ የገፉት ችሎት አስከባሪ ተከተሉኝ። «ክቡር ዳኛ፣ ያ ልጅ ውሃ ትፈልጋለህ ብለው አዎ አለኝ። ስምህ ማነው ብለውም አዎ ነው የሚለኝ» አሉኝ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ችሎቱ የሚካሄድበት ቋንቋ የማይገባው ተከሳሽ ክርክሩ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ለፈተና ሸምድዳችሁታል። ግን በየትኛው ቋንቋ ይጠይቅ? ጠበቃ ለሌለው ሰው ይህን የሚያስብለት ከዳኛው ሌላ ማን አለ? ያ ወጣት አንገቱን ደፍቶ «አዎ» ያለው ከፍ ብሎ ለተቀመጠ ሰው እምቢ አይባልም ብሎ ነበር። እኔ ገጠር ነው ያደግኩት፤ ያን አንገት መድፋት ከማንም በላይ ላውቀው ይገባኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ «ገብቶሃል?» ብላችሁ አትለፉ። «በምን እንደተከሰስክ በራስህ አፍ ንገረኝ» በሉት። አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። የተወዘፈ መዝገብ የሚቆጥር አለቃ ሊቆጣችሁ ይችላል፤ ይቆጣ።

ሕጉ መመለሻ በር ትቶልኝ ነበር። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት የእምነት ቃሉን ወደ ክህደት ለወጥኩ፤ ጥፋተኛ ያልኩበትም ፈረሰ። አስተርጓሚ ፍለጋ ሦስት ቀን ፈጀብን፤ የተገኘውም ከአጫጆቹ መካከል ነው። ቃለ መሐላ ፈጽሞ ክሱን በቋንቋው ነገረው። ወጣቱ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝና መናገር ጀመረ። አስተርጓሚው ክንዱን ይዞ ቀስ እንዲል እስኪለምነው ድረስ ተናገረ።