ሲሞቅ ለሚጠፋ ናፍታ መኪና፦ ክራንክ ሴንሰሩን በትኩሱ ለካው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የጭነት መኪናህ ጠዋት ያለ ችግር ይነሳል። አንድ ሰዓት ከተነዳ በኋላ ድንገት ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይነሳል። ስካነሩ ፒ0335 አወጣ፣ የክራንክ ሴንሰር መስመር ብልሽት ኮድ ነው። መካኒኩ ግን ክራንክ ሴንሰሩን፣ ማለትም የሞተሩን ዙር ለኮምፒዩተሩ የሚነግረውን፣ ለክቶ «ደህና ነው» አለህ።

ሲለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ ነበር? ከነበረ ያንን ልኬት አልቀበለውም። ባለ ሁለት ሽቦው ሴንሰር ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ በጣም ቀጭን ነው። የሆነ ቦታ ከተሰነጠቀ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይገናኛል። እኔም ይሄን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊልትሮና ፖምፓ ስፈታ ከርሜያለሁ።

ስለዚህ መኪናው ሲጠፋብህ፣ ሳይበርድ፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ ጎማውን በታኮ ያዝ፣ ስካነሩን ሰካና ሞተሪኖውን አዙር። የሞተር ዙሩን ተመልከት። ሞተሪኖው እያዞረ ቁጥሩ 0 ላይ ከቆመ ኮምፒዩተሩ ምልክት አልደረሰውም ማለት ነው። ከ150 እስከ 250 አካባቢ ካነበበ ግን ሴንሰሩን ተወውና ወደ ናፍታው ሂድ። መላሹ (ወደ ታንኩ የሚመልሰው ናፍታ) የበዛ ኢንጀክተርም ሲሞቅ ነው የሚያስቸግረው።

0 ካነበበ ሶኬቱን ንቀልና እዚያው በትኩሱ ለካ። ባለ ሁለት ሽቦ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ እስከ 1,500 ኦም ገደማ ያነባል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ጥቅሉ ተበጥሷል። ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነ ኦም አትለካ። ቁልፉን ከፍተህ ሶኬቱ ላይ 5 ቮልት ወይም የባትሪ ቮልት መምጣቱን፣ ማሳውም (ኔጋቲቩም) መኖሩን እይ። አንዳንዴ ሦስተኛው ሽቦ ከኤሌክትሪክ ረብሻ መከላከያ ብቻ ነው፣ በሽቦው ብዛት ብቻ አትወስን።

ከመግዛትህ በፊት ሽቦውን እስከ መጨረሻው በእጅህ ተከተለው። አንድ ጊዜ አዲስ ሴንሰር ገጥሜ መኪናው ያው ሆነ። ሽቦው ከብረት ጋር ሲፋተግ ልባሱ አልቆ ነበር።

መቀየሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ዙሪያውን አጽዳ፣ ቆሻሻ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ብሎኑን ፈትተህ ሴንሰሩን ግራና ቀኝ እያዞርክ ሳብ። በመዶሻ አትንካው። ጫፉ ላይ ደቃቅ የብረት ብናኝ ብታገኝ አትደንግጥ፤ ትልቅ ስባሪ ካለ ግን ቮላኖውን (ከክራንኩ ጋር የሚዞረውን ከባድ የብረት ክብ) ሳታይ አትዝጋ። የአዲሱን ሴንሰር ጎሚኒ (የጎማ ቀለበቱን) ዘይት ቀባው። ብሎኑን ስታጠብቅ ለስለስ አድርግ፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

እስክትጨርስ ግን እባክህ ጭነት አትጫንበት። ሞተር መንገድ ላይ ሲጠፋ መሪው ይጠጥራል፣ የፍሬን አየርም መሙላቱን ያቆማል።

ባለ ስንት ሽቦ እንደሆነና በትኩሱ ስንት እንዳነበበ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።