ባለ ዲስኩ ስልክ ዛሬም ይጮኻል ወይ?

እንደምን ከረማችሁ? ባለፈው ወር «የማትጠቀሙበት ግን መጣል ያቃታችሁ ዕቃ ካለ ጻፉልን» ብለን ነበርና ደብዳቤው ዘነበ። አብዛኛው ስለ ስልክ ነው። የቀረው ስለ ካሴትና ስለ ሬዲዮ ነው። አንድ አንባቢ እንዲያውም ስለ ማሾ ብቻ ሦስት ገጽ ጽፈዋል። እሱን ለሌላ ጊዜ አቆይተነዋል። በሉ ወደ ጥያቄው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ ካረፉ በኋላ ቤቱን ስናጸዳ ቁም ሣጥኑ ላይ ጥቁር ባለ ዲስክ ስልክ አገኘን። ከባድ ነው። ሥሩ ላይ ኤሪክሰን የሚል ጽሑፍ አለው። ዲስኩ መሃል ላይ ደግሞ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር በአባቴ እጅ ተጽፎ ወረቀቱ እስካሁን አለ። ወንድሜ «ለቱሪስት እንሽጠው» ይላል። እኔ ሳሎን ላይ አስቀምጬው እንዲጮኽ ነው የምፈልገው። ይሠራ ይሆን? ባጸዳውስ ይበላሻል? (ከጎንደር አራዳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ወንድምሽን ለጊዜው አረጋጊው፣ ስልኩ የትም አይሄድም።

ከሁሉ በፊት ያቺን ወረቀት እንዳትነኪያት። በ1998 ዓ.ም መግቢያ ላይ የአገሪቱ ስልክ ቁጥር ከመለያው ጋር 10 አሃዝ ሲሆን የጎንደርም መለያ ከ08 ወደ 058 ተቀየረ። ያ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር እንግዲህ ከዚያ በፊት የተጻፈ መሆን አለበት። ለቱሪስቱ የአባትሽ ስልክና ሌላ ተመሳሳይ ስልክ አንድ ናቸው። ለእናንተ ግን አንድ አይደሉም። እኔ ብሆን አልሸጥም።

ይሠራል ወይ ላልሽው፣ ካልተሰበረ ወይም ሽቦው ካልተበጠሰ ሳይሠራ አይቀርም። ውስጡ ቺፕ የለም፣ ሶፍትዌር የለም፣ «አፕዴት አድርግ» እያለ የሚነዘንዝ ነገር የለም። ሁለት የደወል ሳህን፣ ትንሽ መዶሻ፣ ዲስክ፣ ጥቂት ሽቦ፣ እና የከሰል ፍንጣሪ ያለበት የድሮ ማይክ፣ በቃ ይኸው ነው። ቤታችሁ የመዳብ ሽቦ መስመር ካለ የስልኩን ሁለት ሽቦዎች ከመስመሩ ሁለት ሽቦዎች ጋር ማገናኘት ነው። የድሮው ገመድ ጫፍ ከዛሬው ፕላስቲክ መሰኪያ ጋር ስለማይገጥም ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ውሰጂው፣ በአጭር ጊዜ ይቀይርልሻል። ከዚያ እጀታውን አንሺና አዳምጪ። «ቱ...» የሚል ድምፅ ካለ ግማሹ መንገድ አልቋል። ስታወሪ ድምፅሽ ለሌላው ሰው ደክሞ ከተሰማ ደግሞ ማይኩ ውስጥ ያለው ከሰል ተጋግሮ ይሆናል። እጀታውን መዳፍሽ ላይ ቀስ አድርገሽ መታ መታ አድርጊው፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ይነቃል። ደወሉ ካልጮኸ መዶሻው በአቧራ ተይዞ ሊሆን ይችላል።

መደወል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች፣ በተለይ የፋይበር ሳጥኖቹ፣ የዲስክን አደዋወል የማይረዱ አሉ። እንዲህ ከሆነ ሰው ሲደውልልሽ ይጮኻል፣ ታነሻለሽ፣ ታወሪያለሽ፣ አንቺ ግን መደወል አትችዪም። የዲስኩን ምት ወደ ዛሬው ድምፅ የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ አለ፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለሽ አስመጪ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከመክፈትሽ በፊት ከመስመሩ ንቀይው። ስልክ በሚጠራበት ሰዓት ሽቦው ላይ የሚመጣው ኃይል እስከ 90 ቮልት ሊደርስ ይችላል። አይገድልሽም ይሆናል፣ ግን ዘለሽ ስልኩን ትጥዪዋለሽ። ብዙ የድሮ ስልክ የተሠራበት ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ባክላይት፣ ደግሞ ከወደቀ አይምርም።

ባክላይት መሆኑን ለማወቅ አውራ ጣትሽን እስኪሞቅ ፈትጊበትና አሽትቺው። የሆስፒታል ጠረን ካለው እሱ ነው። ውኃ ውስጥ አትዝፈቂው፣ በረኪናና ቤንዚን አታስጠጊው። ሳሙና በነካ እርጥብ ጨርቅ ጠራርገሽ ካደረቅሽው በኋላ ቀለም የሌለው የጫማ ሰም ቀቢና ወልውዪው። ጥቁርነቱ ራሱ ያስገርምሻል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አጎቴ «ልጆች ሳለን የቤታችን ስልክ በጓጉንቸር ይቆለፍ ነበር፣ እኛ ግን ዲስኩን ሳንነካ መስቀያውን በጣት እየመታን እንደውል ነበር» ይላሉ። ደግሞ መብራት ሲጠፋም ስልኩ ይሠራ ነበር ይላሉ። እኔ ኤሌክትሪካል ነው የማጠናው፣ ነገሩ አልዋጥ ብሎኛል። ጉራ ነው አይደል? (ከማራኪ)

መልስ፦ አይደለም። አጎትህን ቡና ጋብዛቸው።

ዲስኩን አዙረህ ስትለቀው፣ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስመሩን ቁርጥ ቁርጥ ያደርገዋል። 3 ካዞርህ ሦስቴ፣ 7 ካዞርህ ሰባቴ፣ ዜሮ ከሆነ 10 ጊዜ። ፍጥነቱ በሴኮንድ 10 ያህል ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ስልኮችን የሚያገናኝ መሣሪያ፣ ማዞሪያው፣ ይህን ቆጥሮ ነው ማንን እንደፈለግህ የሚያውቀው። አሁን አስብበት። እጀታው የሚቀመጥበት መስቀያም ሲጫን መስመሩን ይቆርጣል። ጓጉንቸሩ ደግሞ የያዘው ዲስኩን እንጂ መስቀያውን አይደለም። ስለዚህ ጣቱ ፈጣን የሆነ ልጅ አራቴ ቶሎ ቶሎ መትቶ ጥቂት ያርፋል፣ ሁለቴ መትቶ ያርፋል፣ እንዲህ እያለ ቁጥሩን ይጨርሳል። ረዘም አድርጎ ከተጫነው ይዘጋበታል፣ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። ዘጠኝና ዜሮ የበዛበት ቁጥር ያላት ልጅ የወደደ ጎረምሳ መከራውን ያያል። ወር ሲያልቅ ቢል ይመጣና አባት «ቆልፌው አልነበር እንዴ?» እያሉ ጓጉንቸሩን ያገላብጣሉ።

መብራቱም እውነት ነው። ያ ስልክ ግድግዳ ላይ አይሰካም ነበር። ኃይሉ የሚመጣለት በዚያው በስልክ ሽቦ፣ ማዞሪያው ቤት ካሉት ትልልቅ ባትሪዎች ነው፣ 48 ቮልት። ሰፈሩ በሙሉ ቢጨልም ባትሪዎቹ እስካሉ ድረስ ስልኩ ይሠራል። የዛሬው የፋይበር ሳጥን ግን ከሶኬት ስለሚበላ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እንደኛ መብራቱ መጣ ሄደ በሚልበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኤሌክትሪካል የምታጠና ከሆነ አንድ ሰው ልጨምርልህ። ሰው ሳይገባበት ራሱ የሚያገናኝ ማዞሪያ ፈጥሮ በፈረንጆቹ 1891 የባለቤትነት መብት ያገኘው አልሞን ስትሮውጀር መሐንዲስ አልነበረም፣ ቀብር አስፈጻሚ ነበር። እንደሚወራው በከተማው ሌላ ቀብር አስፈጻሚ ነበረና ስልክ የምታገናኘው ሴት የእሱን ደንበኞች ወደዚያኛው ትመራበታለች ብሎ ጠረጠረ። ዲስኩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው እንግዲህ በገበያ ቅናት ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በደርግ ጊዜ በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ ነበር። ደብዳቤ መጻፍ ስለማይወድ ድምፁን በካሴት ቀድቶ በሰው እጅ ለእናታችን ይልክ ነበር። አሁን ሁለቱም የሉም። ካሴቱ ግን አለ፣ ባለ 60 ነው። ቴፕ ውስጥ ላስገባው ፈራሁ። ምን ላድርግ? (ከአውቶፓርኮ)

መልስ፦ መፍራትዎ ልክ ነው። የጎረቤት ቴፕ ውስጥ እንዳያስገቡት። ብዙ ካሴት የተበላው «እስቲ እንስማው» ተብሎ ነው።

መጀመሪያ ካሴቱን በብርሃን ይመልከቱት። ክሩ በሚታይበት በኩል መሃል ላይ ትንሽ የስፖንጅ ትራስ አለች፣ ክሩን ከቴፑ ራስ ጋር የምታገናኘው እሷ ናት። ሙጫዋ ደርቆ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይደክማል ወይም ጭራሽ አይሰማም። ድምፁ ጠፋ ብለው እንዳይጥሉት፣ ጥፋቱ የእሷ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሯቸው። ያኔ ማንም በስህተት ሊቀዳበት አይችልም፤ ይህን ዛሬውኑ ያድርጉት። ከዚያ ክሩን በእስክሪብቶ ቀስ እያሉ ከዳር እስከ ዳር አጠንጥነው ይመልሱት። ዓመታት ተጠምጥሞ የቆየ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በሞተር ቢጎተት ይበጠሳል። ሽፋኑ የተሰነጠቀ ከሆነ ባለ ብሎን ሌላ ካሴት ፈትቶ ክሩን ወደዚያ ማዛወር ይቻላል። የሚያውቅ ሰው ይሥራው።

ማጫወቻው ራሱም ይጸዳ። ጥጥ በአልኮል ነክረው የቴፑን ራስና ጎማውን ይጥረጉ፣ መጀመሪያም የማያሳዝንዎትን ካሴት ያጫውቱበት። ካልበላው የወንድምዎን ያስገቡ። ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በገመድ አገናኝተው አንዴ ሲጫወት ይቀዱት። ሁለት ሦስት ቦታ ያስቀምጡት፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ልጆቹ የካሴቱን ሹሹታ በፕሮግራም እናጥፋው ሲሉ እሺ አይበሏቸው። ቢያንስ አንድ ቅጂ እንዳለ ይቅር። ሹሹታው ሲጠፋ ከድምፁም አብሮ የሚሄድ አለ። ትንፋሹ፣ የክፍሉ ድምፅ፣ ከኋላ የሚያወራው ሰው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ይኸ የድሮ ናፍቆት የምትሉት ነገር ያስቀኛል። አዲስ አበባ ላለች እህቴ ለመደወል ያኔ ጠዋት ቴሌ ሄጄ እመዘገባለሁ፣ ስሜ እስኪጠራ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ሳጥኗ ውስጥ ገብቼ «ሃሎ! ሃሎ!» ስል ውጭ ያለው ወረፋ ሁሉ የቤቴን ጉዳይ ይሰማል። ምኑ ነው የሚናፍቀው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ አባባ፣ እውነትዎን ነው። ሰዎች «ያኔ ሰው ይጠያየቅ ነበር» ሲሉ እኔም አንዳንዴ ዝም እላለሁ። የሰፈሩ ስልክ አንድ ቤት ነበር፣ ልጅ እየሮጠ «ስልክ ተደውሎልሻል!» ይል ነበር፣ ደስ ይላል። ግን ባለ ስልኳ ሴትዮ የሰፈሩን ብድርና ጠብ ሁሉ ታውቅ ነበር፣ ይህንስ ማን ያነሳዋል? ሞባይል በ1991 ዓ.ም አገራችን ሲገባ ሰው እየተሻማ የገዛው ወዶ አይደለም።

እኔን የሚናፍቀኝ ሌላ ነው። ዕቃው በመፍቻ ይከፈት ነበር። ብልሽቱ በዓይን ይታያል፣ ሠሪው በቆርቆሮ ይበይደዋል፣ እንደገና ዓመታት ያገለግላል። አሁን በእጄ ያለው ስልክ ባትሪው ሲደክም ጠጋኙ ራሱ «አዲስ ይግዙ» ነው የሚለኝ። በዚህ ብቻ ከተስማማን ወረፋውን ማንም አይመልስብን።

ጥያቄ፦ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ በእርግጥ ይሞላል? እናቴ አሁንም ታሰጣለች። (ከቸቸላ)

መልስ፦ አይሞላም። ሙቀቱ ግን ውስጡ የቀረውን ያነቃቃዋልና ለአንድ ዜና ያህል ያናግረዋል፣ እናትሽ የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ብዙ ከሞቀ ግን ይፈሳል፣ ፈሳሹም የሬዲዮውን ስፕሪንግ ይበላዋል። ሬዲዮው የማይከፈት ከሆነ ድንጋዩን አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጡት። የዛገውን ጫፍ ደግሞ በስሱ የአሸዋ ወረቀት ፈግፍጊው።