«እንሽላሊታችን ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ምግብም ትቷል»

ጥያቄ፦ ለተከበሩ ዶክተር፤ የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ቢርድድ ድራጎን የሚባለውን፣ ጉሮሮው ሥር እንደ ጢም የሚነፋውን እንሽላሊት አጥብቆ ለምኖን ለልደቱ ገዛንለት። አሁን ዘጠኝ ወር ገደማ ሆኖታል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ምግብ አይነካም፤ የእግሮቹ ጣቶች ይንቀጠቀጣሉ፤ ሲሄድም ሆዱን እየጎተተ ነው። መንጋጋውን ስነካው እንደ ላስቲክ ይለመጣል። የሚኖርበትን የመስታወት ሣጥን ፀሐይ እንዲያገኝ ብለን መስኮት አጠገብ አስቀምጠነዋል፤ አብሮ የተሸጠልን ጥምዝምዝ አምፖልም አለው። የምንመግበው ሰላጣ፣ ስፒናችና ሚልወርም የሚባለውን ትል ነው። አንድ የምናውቀው ሰው በብርድ ወራት ስለሚያንቀላፋ ተዉት ብሎናል። ባለቤቴም ለእንሽላሊት ሐኪም ቤት መሄዱ አልታየውም። ልጄ ግን ማታ ማታ ያለቅሳል። በቤታችን የሁለት ዓመት ሕፃንና ከአዲስ አበባ የመጡ እናቴ አሉ፤ በሽታው ወደ እነርሱ ይተላለፍ ይሆን? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ነገሩን ሳልሸፋፍን ልንገርዎት፤ ይህ እንቅልፍ አይደለም። ያደጉ ቢርድድ ድራጎኖች በብርድ ወራት ምግብ ቀንሰው ለሳምንታት እንደሚያንቀላፉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያንቀላፋ ጤነኛ እንሽላሊት ጣቱ አይንቀጠቀጥም፣ መንጋጋውም አይለሰልስም፤ ዓመት ያልሞላው ደግሞ እንዲህ ያለ እንቅልፍ አይጠበቅበትም። የዘረዘሯቸው ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ የሚጠቁሙት አጥንት ካልሲየም እያጣ የሚለሰልስበትን፣ ሐኪሞቹ ሜታቦሊክ ቦን ዲዚዝ የሚሉትን ሕመም ነው። እርግጡን የሚናገረው ራጅና የደም ምርመራ ቢሆንም፣ መንቀጥቀጥ የጀመረ እንስሳ የሚቆይበት ጊዜ ስለሌለው ዛሬውኑ ቀጠሮ ይያዙለት።

የሕመሙን ምንጭ መረዳት ሕክምናውን ግማሽ መንገድ ያቀልልዎታል። የዚህ እንሽላሊት አገሩ የአውስትራሊያ መሐል ምድር ነው፤ በዚያ ደረቅና ጠራራ ፀሐይ በበዛበት ስፍራ ግንድና ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው ዩቪቢ የተባለው ጨረር ቆዳው ላይ ሲያርፍ፣ በሰውነቱ ሙቀት እየታገዘ ቫይታሚን ዲ3 ይሠራል፤ ያለዚህ ቫይታሚን ደግሞ የበላው ካልሲየም ከአንጀቱ ወደ ደሙ በሚገባ አያልፍም። አገር ቤት ሕፃን በጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው አጥንቱ እንዲጠና ነው፤ የእንሽላሊቱም ጉዳይ በመሠረቱ ከዚህ አይለይም። ጨረሩ ሲታጣ ደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም ያንሳል፤ በአንገት አካባቢ ያሉት ፓራታይሮይድ የተባሉ ዕጢዎችም ጉድለቱን ለመሙላት ከአጥንቱ ካልሲየም መሳብ ይጀምራሉ። መንጋጋው የለሰለሰው፣ እግሮቹም ሰውነቱን መሸከም ያቃታቸው ለዚህ ነው። ጡንቻና ነርቭ ያለ ካልሲየም በትክክል ስለማይሠሩ፣ ጉድለቱ ሲከፋ ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ አሳቢ ቤተሰቦችን የሚያሳስት ነገር አለ፤ የመስኮት መስታወት ብርሃኑን ሲያስገባ ዩቪቢውን ግን ያስቀረዋል። ስለዚህ እንሽላሊታችሁ መስኮት አጠገብ ውሎ ብርሃን አየ እንጂ የሚያስፈልገውን ጨረር አላገኘም። ጥምዝምዙ አምፖልም ቢሆን ጨረሩ ደካማና በጠባብ ቦታ ላይ ብቻ የሚያርፍ ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነቱ የበረሃ እንስሳ አይበቃውም። ጥፋቱ የልጅዎ አይደለም፤ ይህንንም እንዲነግሩት እለምንዎታለሁ።

ምግቡም ጫናውን አክብዶበታል። ሰላጣ አብዛኛው ውኃ ነው። ስፒናች፣ ቆስጣም ጭምር፣ ካልሲየሙን ይዞ የሚያስቀር ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ይበዛበታል። ሚልወርም ደግሞ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ እጅግ ይበልጣል፤ ለእንሽላሊቱ የሚስማማው ግን ካልሲየሙ የፎስፈረሱን እጥፍ ያህል ሲሆን ነው። ከሁሉ የተሻለው ቅጠል በእርስዎ ማእድ ቤት የማይጠፋው ነው፤ በአሜሪካ በሐበሻ ጎመን ፋንታ የምንሠራው ኮላርድ ግሪን የተባለው ጎመን ካልሲየሙ ብዙ፣ ኦክሳሌቱ ጥቂት ነው። ሳይበስል፣ ዘይትም ሽንኩርትም ሳይነካው፣ ደቅቆ ተከትፎ ይሰጠዋል። በዚህ ዕድሜው ከቅጠሉ የበለጠ የሚያስፈልገው ነፍሳት ስለሆነ፣ ክሪኬት የሚባሉትን ፌንጣ መሳይ ነፍሳት በካልሲየም ዱቄት እየለወሱ ይስጡት፤ መጠናቸውም በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ። ልጅዎ በሙቀቱ ወራት ከግቢ ነፍሳት ሊለቅምለት ቢያስብ ግን ይከልክሉት፤ በአካባቢያችሁ ምሽት ላይ ብልጭ ብልጭ የሚሉት ፋየርፍላይ የተባሉት ነፍሳት ለዚህ እንስሳ ገዳይ መርዝ አላቸው፤ አንዷ እንኳ ልትገድለው ትችላለች።

ይህ ሁሉ ግን ከዳነ በኋላ የሚመጣ ነው። ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በግድ አያብሉት። የለሰለሰ መንጋጋ ሲፈለቀቅ ሊሰበር ይችላል፤ ሰውነቱ የቀዘቀዘ እንሽላሊትም ምግብ መፍጨት ስለማይችል የገባለት ምግብ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል። መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ምግብ በመጨረሻ። የሚሞቅበት ስፍራ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ሌላው የሣጥኑ ጫፍ ደግሞ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ይሁንለት፤ ይህንንም በእጅ ዳሰሳ ሳይሆን በቴርሞሜትር ይለኩት። አፍንጫው ጫፍ ላይ ጥቂት የውኃ ጠብታ ያድርጉለት፤ ከላሰው ይበቃዋል፣ አፉ ውስጥ ግን አይጨምሩ። ወድቆ እንዳይሰበር ግንዱንና ድንጋዩን ከሣጥኑ ያውጡ፤ አሸዋ ካለውም ጠርገው ወረቀት ያንጥፉለት። ሲያነሡት እግሩን ወይም ጭራውን ሳይዙ መላ አካሉን ከሥር በመዳፍዎ ይደግፉት። ለሰው የተሠራ የቫይታሚን ዲ ጠብታ በራስዎ ግምት አይስጡት፤ ሲበዛ ኩላሊቱንና የደም ሥሮቹን ይጎዳል።

ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ እንሽላሊት አያክምም፤ ሲደውሉ ተሳቢ እንስሳት ያክሙ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የተሳቢና የአምፊቢያን እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በድረ ገጹ ላይ የአባላቱን ዝርዝር ስላወጣ በአቅራቢያዎ ያለውን ከዚያ ማግኘት ይችላሉ። በመንገድ እንዳይበርደው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ፎጣ አንጥፈው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ያለበት ጠርሙስ አጠገቡ ያድርጉለት። የሣጥኑንና የአምፖሉን ፎቶግራፍ፣ ከተገኘም ትኩስ ኩስ ይዘው ይሂዱ፤ የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ አብሮ ሊኖር ይችላል። ሐኪሙ እንደ ሕመሙ ክብደት በመርፌ ወይም በአፍ የሚሰጥ ካልሲየም፣ ፈሳሽና የሕመም ማስታገሻ ያዝዝለታል። በጊዜ ከተደረሰለት መንቀጥቀጡ ቶሎ ሊተወው ይችላል፤ አጥንቱ ለመጠንከር ግን ወራት ይወስዳል፣ የጎበጠውም ጎብጦ ሊቀር ይችላል።

ስለ ባለቤትዎ ሐሳብ፦ ወጪው እንደሚያሳስብ አልክድም፤ ሐኪሙን የዋጋ ግምት አስቀድሞ መጠየቅና በየወሩ መክፈል ይቻል እንደሆነ መነጋገር ነውር የለውም። ይሁን እንጂ ይህ እንስሳ ፀሐይ ፍለጋ ከሣጥኑ መውጣት የማይችል፣ በእጃችሁ ያለ ፍጡር ነው፤ አጥንቱ እየሳሳ ዝም ብሎ መተው ሥቃዩን ማራዘም ነው። ሐኪሙ የማይድን ሆኖ ካገኘው እንኳ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል፤ ያም ቢሆን ቤት ውስጥ ከመሰቃየት ይሻለዋል።

አምፖሉን ግን ሐኪሙን ሳይጠብቁ ይቀይሩ። የሣጥኑን ግማሽ የሚሸፍን፣ ቲ5 የተባለውንና 10 ወይም 12 በመቶ የሚል የተጻፈበትን ረጅም የዩቪቢ መብራት ከማሞቂያው አምፖል ጎን ይስቀሉለት፤ ርቀቱን ከመብራቱ ማሸጊያ ላይ በተጻፈው መሠረት ያድርጉ፤ በመካከላቸውም መስታወት ወይም ፕላስቲክ አይግባ። በቀን 12 ሰዓት ያህል ይብራ፣ ሌሊት ይጥፋ። ጨረሩ ብርሃኑ ሳይጠፋ ስለሚዳከም በየዓመቱ ይቀየር።

የአጥንት ሕመሙ ወደ ሰው አይተላለፍም። ነገር ግን ጤነኛ የሚመስል እንሽላሊት ሁሉ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናትና 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው አረጋውያን ተሳቢ እንስሳትን አይመክርም። ስለዚህ ሕፃኑ አይንካው፣ እናትዎም ሣጥኑን አያጽዱ። የነካው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ እንስሳውም ሆነ ዕቃው ማእድ ቤት ወይም የሕፃኑ መታጠቢያ ውስጥ አይታጠብ።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ ልጅዎን ይዘውት ይሂዱ። መቼ ምግብ እንደተወ፣ የትኛው እግሩ ቀድሞ እንደተንቀጠቀጠ፣ የመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተጸዳዳ ሐኪሙ መጠየቁ አይቀርም፤ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነውና።